«የካንሰር መድኃኒት ነው» ተብላ መድኃኒቷን ላቆመች እህት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው የምተዳደረው። ከዓመት ተኩል በፊት ጣቶቼና የእጄ አንጓ እያበጡ ሲያስቸግሩኝ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ተባልኩ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን 6 ፍሬ፣ ፎሊክ አሲድ፣ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በየቀኑ 5 ሚሊግራም ታዘዘልኝ። እጄ በጣም ተሽሎኝ ነበር። ግን ሜቶትሬክሴቱን በወሰድኩ ማግስት ቀኑን ሙሉ ያቅለሸልሸኛል። ጸጉሬ ይነቃቀላል፣ ፊቴም አብጧል። ጎረቤቴ ወረቀቱን አንብባ ‹ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው› ስትለኝ ደንግጬ ከሦስት ሳምንት በፊት ሁሉንም አቆምኩ። አሁን ሕመሙ ተመልሶ መጣብኝ። ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እየዋጥኩ ነው የምሠራው። ጿሚ ነኝ። ሁለተኛ ልጅም መውለድ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ? ወንጂ ያለችው አክስቴንም ቁርጥማት ያሰቃያታል፤ የተረፈኝን ኪኒን ልስጣት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ሜቶትሬክሴቱን ማቆምሽ አይደለም። ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ጊዜ ማቆምሽ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። በየቀኑ ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ይሠራሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚህ ሆርሞን ዘመድ ነው። ከውጭ ለወራት ሲገባላቸው ዕጢዎቹ ሥራቸውን ይቀንሳሉ። 5 ሚሊግራም ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል። ለዓመት ተኩል በየቀኑ ሲወሰድ ግን ዕጢዎቹን ለማስነፍ ይበቃል። መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ ቶሎ ወደ ሥራቸው አይመለሱም። ያኔ ሰውነት ይዝላል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይሰማው ይሰነብትና ትኩሳት ወይም ተቅማጥ የያዘው ዕለት ይወድቃል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከተሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እዚያ ስትደርሺም «ፕሬድኒሶሎን ለዓመት ተኩል ስወስድ ቆይቼ በድንገት አቁሜያለሁ» በያቸው። ይህንን ካልነገርሻቸው እንደ ተራ የሆድ ሕመም ሊያዩሽ ይችላሉ። ምንም ካልተሰማሽም በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደሚከታተልሽ ሐኪም ተመለሺ። ሁሉንም መድኃኒት በራስሽ መልሰሽ አትጀምሪ። ሜቶትሬክሴት እንደገና ከመጀመሩ በፊት የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ያስፈልግሻል። የእርግዝና ምርመራም ጭምር። ምክንያቱን ከታች እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ነገር። አልዋሸችም። ሜቶትሬክሴት መጀመሪያ የታወቀው በካንሰር ሕክምና ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ለአንዳንድ ካንሰሮች በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም፣ አንዳንዴም በግራም የሚለካ በደም ሥር ይሰጣል። ያ መጠን ሴሎችን ለመግደል ነው። የአንቺ 6 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 2.5 ሚሊግራም ከሆነ፣ በሳምንት 15 ሚሊግራም ነው። በዚህ መጠን መድኃኒቱ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ራሱን በራሱ የሚያጠቃውን የሰውነት መከላከያ ያበርዳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለሩማቶይድ አርትራይተስ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ዛሬም በመላው ዓለም የዚህ ሕመም ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በእሱ ነው። ካንሰር ይዞሽ ተደብቆሽ አይደለም። ይህንን ፍርሃት ለብቻሽ ተሸክመሽ መክረምሽ አሳዝኖኛል። መጀመሪያ ሲታዘዝልሽ በግልጽ ሊነገርሽ ይገባ ነበር።

ሕመሙ ዝም ብሎ የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ በማስታገሻ እንግፋው እል ነበር። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ያቆጣዋል። ሽፋኑ ይወፍርና አጥንቱን ይበላዋል። ጣት የሚጣመመው፣ አንጓ አልታጠፍ የሚለው ከዚህ በኋላ ነው። የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ አንቺ ያለሽው እዚያ ላይ ነው። ዲክሎፌናክ ሕመሙን ይቀንስልሻል፣ አጥንቱ መበላቱን ግን አያቆምም። አልታመመኝም ብለሽ ስትጋግሪ በውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ልብና የደም ሥርም ሳይቀሩ ይጎዳሉ፤ ያልታከመ ሩማቶይድ ለልብ ሕመም ያጋልጣል።

ስለዚህ ጥያቄው «ልውሰድ ወይስ አልውሰድ» መሆን የለበትም። «ሳልሰቃይ እንዴት ልውሰደው?» ነው መሆን ያለበት። ለዚህ ደግሞ ብዙ መንገድ አለ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች በብዙ አገር ሞተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በሽተኛው ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ማዘዣው ላይ፣ አንዳንዴ ፋርማሲው የጻፈው መመሪያ ላይ፣ አንዳንዴም ኪኒኑን የምታቀብል ልጅ ወይም ዘመድ ዘንድ ይሳሳታል። ማሸጊያው ላይ ቀኑን በትልቁ ጻፊ፤ ለምሳሌ «እሑድ ማታ ብቻ» ብለሽ። ከፕሬድኒሶሎኑ ጋር በአንድ ፌስታል አታስቀምጪው።

ሌላም አለ። ሜቶትሬክሴት ባለ 2.5 ሚሊግራም አለ፣ ባለ 10 ሚሊግራምም አለ። መድኃኒት ጠፍቶ ሌላ ፋርማሲ ስትሄጂ፣ ወይም ሰው ከአዲስ አበባ ገዝቶ ሲያመጣልሽ፣ የምታገኚው ሌላኛው ሊሆን ይችላል። ከባለ 10ሩ 6 ፍሬ ዋጥሽ ማለት 60 ሚሊግራም ነው፤ የታዘዘልሽ አራት እጥፍ። ስለዚህ «6 ፍሬ» ብለሽ አትያዢው፣ «15 ሚሊግራም» ብለሽ ያዢው። አዲስ ማሸጊያ በገዛሽ ቁጥር ከመድኃኒቱ ስም አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብቢ። ከተለወጠ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፤ ጥያቄ አበዛች ብሎ የሚቆጣሽ ካለ ሌላ ፋርማሲ ሂጂ።

ወደ ማቅለሽለሹ እንምጣ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው በእሱ ነው። አንዳንዱ ኪኒኑን ገና ሲያየው ይረበሻል። ይህ ድክመት አይደለም፣ የታወቀ ነገር ነው።

መጀመሪያ የምትወስጂበትን ሰዓት ቀይሪ። ጠዋት የምትወስጂ ከሆነ ወደ ማታ አዙሪው። እራት በልተሽ፣ ልትተኚ ስትይ ዋጪው። የመጀመሪያው ረብሻ እንቅልፍ ላይ ያልፋል። ከዚያ ቀኑን ምረጪ። ብዙ ታካሚዎቼ ቅዳሜ ማታን ይወዱታል፤ በማግስቱ ሥራ የለም፣ ሌሊቱንም ለመነሳት አይጣደፉም። አንቺ ግን እሑድ ጠዋት በባዶ ሆድ ቅዳሴ የምትቆሚ ከሆነ ቅዳሜ ማታ አይሆንሽም፤ ባዶ ሆድ ላይ ማቅለሽለሹ ይብሳል። እሑድ ማታ ይሻልሻል። ረቡዕና ዓርብንም ሆነ የነሱን ዋዜማ ተያቸው። ዋናው ነገር የመረጥሽው ቀን በየሳምንቱ ያው ይሁን።

ያ ካልበቃ ሐኪምሽ የሚያደርገው ብዙ አለ። ፎሊክ አሲዱን ሊጨምርልሽ ይችላል። ፎሊክ አሲድን አንዳንዱ ሐኪም በሳምንት አንዴ 5 ሚሊግራም፣ አንዳንዱ በየቀኑ 1 ሚሊግራም ያዛል። ማቅለሽለሹን፣ የአፍ ቁስሉንና የጉበት ምርመራ መዛባቱን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት «ቫይታሚን ነው፣ ባይኖርም ይለፈኝ» ብለው ነው። አይለፍሽ። የሜቶትሬክሴቱ ግማሽ አካል እንደሆነ ቁጠሪው። ሌላው መንገድ የሳምንቱን መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁለት መክፈል ነው፤ ግማሹን ማታ፣ ግማሹን በማግስቱ ጠዋት፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሳምንት ምንም። ይህንን ግን ሐኪምሽ ካዘዘልሽ ብቻ አድርጊው፣ ምክንያቱም ነገሩ ሳይታወቅ ወደ ዕለታዊ አወሳሰድ ሊንሸራተት ይችላል። ከተገኘ ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ አለ። ሆድ ላይ ያለውን ችግር ለብዙ ሰው ያቀለዋል። የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ኪኒንም ቀድሞ ሊታዘዝልሽ ይችላል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒት መቀየር ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሰልፋሳላዚን፣ ሌፍሉኖማይድ የሚባሉ አሉ። አየሽ፣ ያቆምሽው ገና የመጀመሪያው በር ላይ ሆነሽ ነው።

ጸጉርሽን በተመለከተ፣ በዚህ መጠን ሜቶትሬክሴት ጸጉር ያሳሳል እንጂ እንደ ካንሰር ሕክምናው ራሰ በራ አያደርግም። መጠኑ ሲቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሲቆም ተመልሶ ያድጋል። ግን ሁሉንም በመድኃኒቱ አታሳብቢ። ደም ማነስ ጸጉር ያነቃቅላል፣ የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ። ሕመሙ ራሱም ያሳሳዋል። የደም ምርመራው ላይ ይታይልሽ። ሹሩባውንም ለጊዜው ላላ አድርጊው። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ተወጥሮ የተሠራ ሹሩባ የሳሳን ጸጉር ከሥሩ ይነቅለዋል።

ፊትሽ ያበጠው ከሜቶትሬክሴት አይደለም፤ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ ከዚሁ ሕመም ጋር ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ኮርቲዞንን በሩማቶይድ ክፉኛ ለታመመች ሴት ሰጡ። መንቀሳቀስ ያቃታት ሴት በቀናት ውስጥ መራመድ ቻለች። በ1950 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መጠኑ ሲበዛና ጊዜው ሲረዝም ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል። እኛ ዛሬ የምንፈልገው ፕሬድኒሶሎን ቶሎ እንዲያስታግስ፣ ከዚያ ሜቶትሬክሴቱ ሥራውን ሲይዝ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ነው። ሜቶትሬክሴት ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። በእኔ አስተያየት ሐኪምሽን ስታገኚ በቀጥታ መጠየቅ ያለብሽ «ፕሬድኒሶሎኑን እንዴት እየቀነስን እናውጣው?» የሚለውን ነው። ዓመት ተኩል ብዙ ነው። ሜቶትሬክሴቱ ተስተካክሎ ከተወሰደ ፕሬድኒሶሎኑ ሊወጣ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ፊትሽም ቀስ እያለ ይመለሳል። እስከዚያው ጨው ቀንሺ፣ ግፊትሽንና ስኳርሽን አስለኪ። ለአጥንትሽ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልግሻል። የጤፍ እንጀራ ጥሩ ካልሲየም አለው፣ በዚህ በኩል ቤትሽ ሙሉ ነው።

ዲክሎፌናኩን ግን አሁን እፈራልሻለሁ። ጿሚ ነሽ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ሆነሽ ዲክሎፌናክ የምትውጪ ከሆነ ጨጓራሽን እየላጥሽው ነው። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲደመር ደግሞ የመድማት አደጋው በጣም ይጨምራል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ያስመለስሽው ደም ካለው ወዲያው ሆስፒታል ነው። ዲክሎፌናክ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ሜቶትሬክሴት የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት ነው። ማስታገሻ ከፈለግሽ ሐኪምሽ ጋ እስክትደርሺ ፓራሲታሞል ይሻላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500ውን ከ6 ፍሬ አታሳልፊ። ጉበትሽ ላይ ችግር አለ ተብለሽ የምታውቂ ከሆነ እሱንም ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

ስለ ጾሙ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የጾም ምግቡ አይጎዳሽም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ ጥሩ ምግብ ናቸው። የሚያስቸግረው ረጅሙ ባዶ ሆድ ነው። የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ታማሚ በሰዓቱ ላይ እንዲጨከንበት ቤተ ክርስቲያን አትፈልግም፤ ብዙ አባቶች ጠዋት በልተሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ ይላሉ። ፀበልም ከፈለግሽ ሂጂ። ግን መድኃኒትሽን ይዘሽ ሂጂ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ላይ እያለሽ ለቀናት እያስመለሰሽ፣ ሳትበዪና መድኃኒት ሳትወስጂ መሰንበት ለሕይወትሽ አደገኛ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ባለቤትሽም እናትሽም ያንብቡት። ማቅለሽለሽና የጸጉር መሳሳት ያስቸግራሉ እንጂ አያሰጉም። የሚያሰጉት ሌሎች ናቸው። አፍሽ ውስጥ መብላት የሚከለክል ቁስል ከወጣ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሳትመቺ ቆዳሽ ከበለዘ ወይም ድድሽ ከደማ የዚያን ሳምንት ሜቶትሬክሴት አትውሰጂ። በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ። ፕሬድኒሶሎኑን ግን በዚህ ጊዜ በፍጹም አታቋርጪ፤ ሰውነትሽ ከመቼውም በላይ የሚፈልገው ያኔ ነው።

አዳማ ላይ ትኩሳት ሲባል ወባ አለ። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ። ስለዚህ ትኩሳት ከያዘሽ «መድኃኒቱ ነው» ብለሽ አትቀመጪ። የደም ምርመራ በዚያው ቀን አድርጊ። ወባ ተገኝቶ መድኃኒት ሲታዘዝልሽ ሜቶትሬክሴት እንደምትወስጂ ተናገሪ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለሽ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልግሻል። መድኃኒቶችሽ የሰውነትሽን መከላከያ ስለሚያበርዱ ተኝቶ የነበረ ነቀርሳ ሊነሳ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ነው። ሕክምናውን ስትጀምሪ ካልተመረመርሽ አሁን ተመርመሪ።

አንድ ስም በቃልሽ ያዢ፤ ኮትሪሞክሳዞል። ብዙ ሰው ባክትሪም በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ለሽንት ቧንቧ፣ ለተቅማጥ፣ ለሳል በቀላሉ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ ግን የአጥንት መቅኒን ሊያደርቅና የደም ሴሎችን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ሽንትሽ አቃጥሎሽ ፋርማሲ ብትሄጂ ቅድሚያ የምትናገሪው «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» የሚለውን ይሁን። የአዳማ ሙቀት ሌላው ነገር ነው። ምጣድ ፊት ስትውዪ ላብሽ ብዙ ነው። ውኃ በደንብ ጠጪ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞሽ ሰውነትሽ ከደረቀ ኩላሊትሽ ሜቶትሬክሴቱን በደንብ ስለማያስወጣው ይከማቻል። የዚያን ሳምንት ይለፍሽና ተመርመሪ።

መጠጥ? በበዓል ጠላው፣ ጠጁ፣ ቢራው ይኖራል። ጉበትሽ ቀድሞውኑ ሥራ በዝቶበታል፤ ብትተዪው ደስ ይለኛል። ስያሜ የሌለው «የቁርጥማት ዱቄት»ም አትግዢ። በብዙ አገር እንዲህ ዓይነት ዱቄቶችና ኪኒኖች ሲመረመሩ ውስጣቸው ዴክሳሜታዞን ተገኝቷል። እሱ የፕሬድኒሶሎን ቤተሰብ ነው፤ ያውም እጅግ የበረታው። በሁለት ቀን ያስደንቅሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ጣጣ ግን አሁን የሸሸሽው ፊትሽ ላይ ያለው ራሱ ነው።

የደም ምርመራውን አደራ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሁለትና በየአራት ሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ይደረጋል። የደም ቆጠራ፣ የጉበት ኢንዛይም፣ የኩላሊት። ምርመራው የሚያስፈልገው ጉበት ከመታመሙ በፊት ለመያዝ ነው፤ ትንሽ ከፍ ሲል መጠኑን ቀነስ እናደርጋለን፣ ይመለሳል። ውጤቶችሽን በአንድ ደብተር ውስጥ ለጥፊያቸው። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ብትባዪም እዚያ ያለው ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም።

ልጅ መውለድ እንደምትፈልጊ በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሴቶች ይህንን ሳይናገሩ ያረግዛሉ። ሜቶትሬክሴት ጽንስ ያስወርዳል፣ ጽንሱንም ሊያጎድል ይችላል። እየወሰድሽ እያለሽ አስተማማኝ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስፈልግሻል። ያቆምሽው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አሁን የወር አበባሽ ዘግይቶ ከሆነ ወይም ጥንቃቄ ሳታደርጊ ከነበረ ነገ ተመርመሪ። ካረገዝሽ አትደንግጪ፣ ፎሊክ አሲዱን ሳታቋርጪ ሐኪም ጋ ቅረቢ።

ካላረገዝሽ ደግሞ በዕቅድ እንሂድ። ሁለት ምርጫ አለሽ። አሁኑኑ መውለድ ከፈለግሽ ሜቶትሬክሴቱን መልሶ መጀመር አያስፈልግም። ከእርግዝና ጋር ወደሚሄዱት ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን መዞር ይቻላል። ዝቅተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎንም አስፈላጊ ከሆነ ይቀጥላል። ከመጨረሻው ሜቶትሬክሴት በኋላ ግን መጠበቅ አለ፤ ብዙዎቻችን ሦስት ወር እንላለን። ሌፍሉኖማይድ ለእርግዝና አይሆንም፣ ያኔ እንዳይታዘዝልሽ ዕቅድሽን ተናገሪ። ሁለተኛው ምርጫ በሜቶትሬክሴት እጅሽን አረጋግተሽ፣ ፕሬድኒሶሎኑን አውጥተሽ፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ሜቶትሬክሴቱን አቁመሽ፣ ያንኑ ጊዜ ጠብቀሽ ማርገዝ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። መገጣጠሚያዋ ተረጋግቶ ያረገዘች ሴት እርግዝናዋም ይቀላታል። በእርግዝና ጊዜ ሕመሙ ለብዙ ሴቶች ጋብ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ግን ይነሳል። ጨቅላ ይዞ እጅ አልታዘዝ ሲል ከባድ ነው፤ ያኔ አጠገብሽ የሚሆን ሰው ከወዲሁ አስቢ። ጡት ስታጠቢም ሜቶትሬክሴት አይወሰድም። ውሳኔው ግን የአንቺና የባለቤትሽ ነው። ሐኪም ጋ አብራችሁ ሂዱ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከተሰጠሽ ዓይንሽን ታሳያለሽ፤ አንዴ ሲጀመር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። ድሮ ለወባ የተሠራ መድኃኒት ስለሆነ ወባ አይዘኝም ብለሽ አጎበርሽን እንዳትተዪ።

አሁን ወደ እጅሽና ወደ ምጣድሽ። የሩማቶይድ እጅ ጠዋት ላይ ድርቅ ይላል፤ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተሽ ሊጥ ውስጥ እጅሽን የምትከቺ ከሆነ በጣም በከፋው ሰዓት እየሠራሽ ነው። ምግብ ቤቶቹ ከተስማሙ የመጋገሪያውን ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ አዙሪው። ካልሆነ ከሥራ በፊት እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ነክረሽ ጣቶችሽን ቀስ ብለሽ ክፈቺ ዝጊ። መገጣጠሚያው ቀልቶና ግሎ ባበጠ ቀን ግን ሙቀት ያባብሰዋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል።

ማቡካቱ ነው አንጓን የሚገድለው። የዚያን ቀን ሁሉ ሊጥ በአንድ ባልዲ አታቡኪ። ከፋፍይው፣ ወይም ማቡካቱን ለሌላ ሰው ስጪና አንቺ ምጣዱ ላይ ሁኚ። ሊጡን ስታፈሺ ትልቁን ጆግ በአንድ እጅ አንጠልጥለሽ አትዙሪ። ግማሽ ሙሊው፣ በሌላው እጅሽ ከሥር ደግፊው። እጀታው ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠቅልይበት፣ ጣቶችሽ ብዙ ሳይጨመቁ ይይዙታል። እንጀራ የደረደርሽበትን መሶብ በጣትሽ ጫፍ አታንሺ፤ በሁለቱ ክንዶችሽ ታቅፈሽ ወደ ደረትሽ አስጠጊው። ጀሪካን ከቻልሽ አትሸከሚ። ስፖርት መሥሪያ ቦታ መሄድ አያስፈልግሽም፤ አመሻሽ ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል። ሆስፒታል ስትሄጂ ፊዚዮቴራፒ ክፍልም ጎራ በዪና የአንጓ መደገፊያ ካለ ጠይቂ። ማታ አስረሽው ስትተኚ ጠዋት እጅሽ ይቀልሻል።

በመጨረሻ የአክስትሽ ነገር። አይሆንም፣ ከኪኒኑ አንድም እንዳትሰጪያት። ሁሉም ቁርጥማት አንድ ዓይነት አይደለም። የእሷ የእርጅና የመገጣጠሚያ መበላት ሊሆን ይችላል፣ ሪህ ሊሆን ይችላል። ወንጂ ላይ ደግሞ ሌላ የማስበው አለ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ወንጂ አካባቢ ያሉ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ ይበልጡ ነበር። በወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ፍሎራይዱ ያደረሰው ጉዳት ተመዝግቧል። ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስን ያበልዛል፣ ከዚያ አልፎ አጥንትን ያወፍራል፣ አንገትና ወገብን ያደርቃል። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ምንም አይፈይድም፤ ጉበቷን ብቻ ያደክማል።

ስለዚህ ሕመሟ የት እንደሆነ ጠይቂያት። ጣቶቿና አንጓዋ በሁለቱም እጅ ያብጣሉ? ወይስ አንገቷና ወገቧ ነው የማይታዘዘው? ሐኪም ጋ ስትሄድ ልጅ ሆና ጀምራ ከየትኛው ጉድጓድ ስትጠጣ እንዳደገች ትንገር፤ የወገብና የክንድ ራጅ ብዙ ያሳያል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ወይም ተመርምሮ ዝቅተኛ ፍሎራይድ ካለው ቦታ መቅዳት ነው የሚሻላት። የተረፈሽን ኪኒን ደግሞ ቀጠሮሽ ቀን ከነማሸጊያው ይዘሽው ሂጂ። ስንት ሚሊግራም እንደነበረ ሐኪምሽ በዓይኑ ይየው።